ከኋላ ጎማ የሚመጣ ሲጥታና ማቃሰት፦ ዕቃ ከማስቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ «መኪናዬ በፊት ጎማ የምትነዳ የቤት መኪና ናት፤ የኋላ ፍሬኗ ባለ ታምቡር ነው። በዝግታ ስሄድ ከኋላ ግራ ጎማ አካባቢ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ ፍሬን ስነካ ይጠፋል። ጉብታ ስሻገር ደግሞ ወፍራም፣ የሚያቃስት ድምፅ አለ። መካኒኩ ኩሽኔታ ነው ብሎ ቀየረልኝ፤ ሁለቱም ድምፆች ግን እንዳሉ ናቸው። አሁን ደግሞ አሞርዛተር እንቀይር ይለኛል። ምን ላድርግ? በቅርቡ ረጅም መንገድ ስለምሄድ እንዲህ እያለች መንዳት ይቻላል?»

ምላሽ፦

የጻፉልን ገለጻ ራሱ የሥራውን ግማሽ ጨርሶታል። ፍሬን ሲነኩ የሚጠፋ ድምፅና ጉብታ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ከአንድ ዕቃ አይመጡም። የመጀመሪያው ጎማው ሲዞር የሚፈጠር ነው፤ ሁለተኛው ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ቀይሮ ሁለቱንም ዝም ማሰኘት ዕድል ካልሆነ በቀር አይሆንም። ኩሽኔታው (ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያስችለው ተሸካሚ ቀለበት) ከተቀየረ በኋላ ሁለቱም እንዳሉ መቅረታቸውም አያስገርመኝም። የተበላ ኩሽኔታ አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ ሲሄዱ ሲጥ ሲጥ አይልም፤ ድምፁ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚወፍር ማጉረምረም ነው፤ ፍሬን ስለተነካም ዝም አይልም።

ድምፅ ሲሰማ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቦታውን ነው። ቦታ ግን ያታልላል። የመኪና አካል ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ብረት ስለሆነ አንድ ጥግ ላይ የተነሣ ንዝረት ሌላ ጥግ ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ሾፌሩ ፊት ተቀምጦ «ግራ ነው» ያለው ቀኝ ሆኖ መገኘቱም የተለመደ ነው። የማያታልለው ጊዜው ነው፦ ድምፁ መቼ ይጀምራል፣ መቼ ይለወጣል፣ መቼ ይጠፋል። «ፍሬን ስነካ ይጠፋል» ያሉት አንዲት ዓረፍተ ነገር አሥር ዕቃ ከመፈታታት ትበልጣለች። መካኒክዎ ይህን በደንብ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ በኩሽኔታ አይጀምርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቀላል ነገሮችን ከመንገድ እናስወግድ። ጎማው ለኩሽኔታው ሥራ ሲባል በቅርቡ ተፈትቶ ታስሯል። እንግዲያው ዛሬውኑ የጎማውን ብሎኖች በሙሉ ይፈትሹ፤ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ቸርኬው ከሞዞው (ከሚታሰርበት መሃለኛ ብረት) ጋር እንዲፋተግ ያደርጋል፤ መጀመሪያ በሲጥታና በቀጭን ኳ ኳታ ይናገራል፣ መጨረሻው ደግሞ የጎማ መውለቅ ነው። የሚጠብቀው ጎማው መሬት ነክቶ እያለ፣ ተቀራራቢዎቹን ተራ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ነው። የጥብቀቱ ልክ በመኪናዎ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ በብዙ ትናንሽ መኪኖች ከ100 እስከ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ሁለተኛው፣ ቸርኬው ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ካለ ነቅለው አውጥተው አንድ ዙር ይንዱ። መያዣው የላላ የፕላስቲክ ሽፋን ልክ እንደ ፍሬን በየዙሩ ሲጥ ይላል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ፍለጋ ስንት ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሰል የፍሬን ብረት) በከንቱ ተፈትቷል!

አሁን ሲጥታውን ከጎማው ዙር ጋር ወደ መቁጠሩ። ጸጥ ያለ፣ ደልዳላና መኪና የማይበዛበት ቦታ ይፈልጉ፤ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡ፣ ሬዲዮውንና ማራገቢያውን ያጥፉ። የአንድ ተራ የቤት መኪና ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሲጥታው በዚያ ልክ የሚመታ ከሆነ፣ ማለት ለአንድ ዙር አንድ ጊዜ፣ ምንጩ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው፦ ታምቡር፣ ዲስክ፣ ሞዞ ወይም ያ የፕላስቲክ ሽፋን። በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ግን ሌላ ተጠርጣሪ አለ። ካርዳኑ፣ ማለት ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት አራት ጊዜ ስለሚዞር፣ ሲጥታው ከጎማው በሦስት አራት እጥፍ የሚፈጥን ከሆነ ፍሬኑን ይተዉትና የካርዳኑን ክሮቸራ (መስቀል መሰል መተጣጠፊያ) ይመልከቱ፤ ግራሶው ያለቀ ክሮቸራ በዝግታ ሲሄዱ ልክ እንደ ወፍ ጫጩት ይንጫጫል። የእርስዎ መኪና በፊት ጎማ የምትነዳ ስለሆነች ይህ አይመለከትዎትም፤ ሌላ አንባቢ ግን ከዚህ ሊጠቀም ይችላል።

በዚያው ቦታ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገው መኪናዋ በራሷ እንድትንሸራተት ይልቀቋት። ሞተሩን አያጥፉ፤ ሞተር ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ እገዛ አብሮ ይሄዳል። ድምፁ ያለ ማርሽም ከቀጠለ ከሞተርና ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር ግንኙነት የለውም። በኋላ ጎማ በሚነዱት ላይ ደግሞ ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ የሚለዋወጥ ጩኸት ከጎማው ይልቅ ወደ ዲፈረንሲያሉ (በኋላ ጎማዎች መካከል ወዳለው የጥርስ ሳጥን) ያመለክታል።

ቀጥሎ ያለው ሙከራ ለእርስዎ ዋናው ነው። የእግር ፍሬን አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ «ፍሬን ስነካ ጠፋ» የሚለው ብቻውን የፊቱን ከኋላው አይለይም። የእጅ ፍሬን ግን በአብዛኞቹ መኪኖች የኋላውን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በደረቅና ሰው በሌለበት መንገድ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት እየሄዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ጫፍ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ፣ ማንሻውን ቀስ አድርገው አንድ ሁለት ጥርስ ያህል ይሳቡ። ቁልፉን አለመልቀቅዎ ማንሻው እንዳይቆለፍ ነው። ሲጥታው በዚህ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ የኋላ ፍሬን ለመሆኑ ጥርጥር አይኖርም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ባላቸው መኪኖች ግን ይህን አይሞክሩት፤ በከፊል መሳብ አይቻልም።

እንግዲህ የታምቡር ፍሬን ለምን ሲነካ ዝም ይላል? ታምቡሩ ውስጥ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ የፍሬን ሸራዎች አሉ። ሲረግጡ በፍሬን ዘይት የሚሠራ ትንሽ ሲሊንደር ወደ ውጭ ይገፋቸውና የታምቡሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይይዛሉ፤ ሲለቁ ሞላዎች መልሰው ይሰበስቧቸዋል። በተለቀቁበት ሰዓት ሸራዎቹ በሞላ ብቻ የተያዙና በመጠኑ የሚወዛወዙ ናቸው። በዚህ ሁኔታ አንዱ ሸራ የታምቡሩን ግድግዳ ለጥቂት ከነካው፣ ይዞ የመልቀቅ ንዝረት ይፈጠራል፤ ሲጥ የሚለው ያ ነው። ሲረግጡ ግን ሸራው ተጨምቆ ስለሚያዝ ለመንቀጥቀጥ ቦታ አያገኝም፤ ድምፁ ይጠፋል። እና ጥያቄው «ያልተረገጠ ሸራ ለምን ይነካል?» ወደሚለው ይጠባል።

የሚነካበት ምክንያት ብዙ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ የምጠረጥራቸውን አንድ በአንድ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ኩሽኔታው ሲቀየር ታምቡሩ መውለቁ የማይቀር ነው፤ እንዲያውም በብዙ መኪኖች ኩሽኔታው የሚቀመጠው ራሱ ታምቡሩ ውስጥ ነው። ታምቡሩ ሲመለስ የሸራ ማስተካከያው ትንሽ በዝቶ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ሲጥታው ከኩሽኔታው ሥራ በፊትም ስለነበረ ይህ ብቻውን ምንጩ ላይሆን ይችላል፤ ግን ተደርቦበት ሊሆን ይችላልና ይጠይቁ። ሁለተኛና እኔ ቅድሚያ የምሰጠው፣ ሸራዎቹ ከጀርባቸው ካለው የብረት ሳህን ጋር የሚገናኙባቸው ነጥቦች መድረቅ ነው። በብዙ መኪኖች ሳህኑ ላይ ለእያንዳንዱ ሸራ ሦስት ሦስት ከፍ ያሉ ማረፊያዎች አሉ፤ ሸራው በተከፈተና በተሰበሰበ ቁጥር በእነሱ ላይ ይንሸራተታል። ሲሠሩ የተቀቡት ግራሶ ሲያልቅ ብረት ብረትን ይፈጫል፤ ከጊዜ በኋላም ማረፊያው ይቦረቦርና ሸራው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተይዞ በሙሉ ሳይመለስ ይቀራል።

ሦስተኛው የእጅ ፍሬን ገመድ ነው። ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ሲዝግ መሳብ ይችላል፤ መመለስ ግን ያቅተዋል። ማንሻው ወርዶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ግን በከፊል እንደተያዘ ይቆያል። ይህን ሳይፈቱ መለየት ይቻላል። ፍሬን ሳያበዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱና ደልዳላ ቦታ ላይ ቀስ ብለው ያቁሙ። እጅዎን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች ተራ በተራ ያስጠጉ፤ መጀመሪያውኑ አይንኩ፤ የተያዘ ፍሬን ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሞቀ ከሆነ ያ ጎማ እየተጎተተ ነው። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ቁጥሩን ያነጻጽር፤ ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ሳይሆን የግራና የቀኝ ልዩነት ነው። ነዳጅ መብላቷ ከጨመረ ወይም ሲለቋት ቶሎ የምትቆም ከሆነ ይህ ምክንያት ይበልጥ ይጠነክራል።

ከዚህ በኋላ ያሉት የታምቡሩ ክብነት መበላሸት፣ የሰብሳቢ ሞላ መድከም ወይም መሰበር፣ በታምቡሩ ጠርዝ ላይ የተነሣ የዝገት ከንፈር ናቸው። ክብነቱ የተበላሸ ታምቡር በየዙሩ በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚነካ ሲጥታው በልክ የሚመታ ይሆናል። ጎማው ላይ በጠመኔ አንድ ምልክት አድርገው መኪናዋን በእጅ ቢያስገፉ፣ ሁልጊዜ ምልክቱ አንድ አቅጣጫ ላይ ሲደርስ የሚሰማ ከሆነ ጉዳዩ ይህ ነው።

ታምቡሩ መከፈት አለበት፤ ከዚህ ማምለጫ የለም። ራስዎ የሚከፍቱ ከሆነ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያስይዙ፤ የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅና የኋላው ከመሬት ስለሚነሣ መኪናዋን የሚይዛት ታኮው ነው። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይደለም፤ መኪናዋን በካቫሌቶ (ባለ እግር የብረት መደገፊያ) ሳያስደግፉ ከሥሯ አይግቡ። ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍም ሆነ በኮምፕረሰር አይንፉት። የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፤ አዲሶቹም ቢሆኑ አቧራቸው ለሳንባ አይበጅም። በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁን ይጣሉት።

ሲከፍቱ ዓይንዎ የሚያርፍበት የመጀመሪያው ቦታ ሲሊንደሩ ይሁን። የሲሊንደሩን የላስቲክ ሽፋን ጫፍ በጥንቃቄ ገለጥ ያድርጉ፤ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ የፍሬን ዘይት እያሾለከ ነውና ሲጥታው ሁለተኛ ጉዳይ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል፤ ሲቀየርም የሁለቱም ጎማ አብሮ ነው፤ አለበለዚያ መኪናዋ ስትያዝ ወደ አንድ ወገን ትስባለች። ቀጥሎ የሸራውን ውፍረት ይለኩ፤ ትክክለኛው ወሰን በመመሪያው ላይ ያለው ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ግን እኔ አልመልሰውም። ታምቡሩም የራሱ ወሰን አለው፤ ሊደርስ የሚችለው ትልቁ የውስጥ ስፋት ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጿል።

ሁሉም ደህና ከሆነና ችግሩ ድርቀት ብቻ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሳህኑን ማረፊያዎች በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ በጣት ጫፍ የምትነካ ያህል ብቻ ይቀቡ። ተራ ግራሶ ሲሞቅ ቀልጦ ወደ ሸራው ይወርዳል፤ መብዛቱም እንዲሁ። መስታወት መስሎ ያብረቀረቀ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ይደረጋል፤ ይህን ሲያደርጉም አቧራውን ያርጥቡት፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉን ደጋግመው ረግጠው ሸራዎቹ እንዲደላደሉ ያድርጉና ጎማውን በእጅ ያዙሩት። በጣም ቀጭን፣ ዙሩን ሙሉ እኩል የሆነ ሹክሹክታ ችግር የለውም። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ግን ማስተካከያው በዝቷል።

የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ የሆነ አንባቢዎች ታሪካቸው በመጠኑ ይለያል። በብዙ ሸራዎች ላይ ሆን ተብላ የተሠራች ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዲስኩን መንካት ትጀምርና ቀጭን ፉጨት ታሰማለች። ይህ ብልሽት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ሲደርቁ አንደኛው ሸራ ከሌላው እጅግ ቀጥኖ ይገኛል። በዲስኩና ከጀርባው ባለው የቆርቆሮ መከለያ መካከል የገባ ጠጠር ደግሞ ጆሮ የሚበጣ ፍጭት ያሰማል፤ ወደ ኋላ ጥቂት ሜትር መንዳት አንዳንዴ ያወጣዋል። ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ጠዋት የሚሰማ፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ተይዞ የሚጠፋ ድምፅ የወለል ዝገት ስለሆነ አያስጨንቅም። በኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ይብሳል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚያቀዘቅዝ የኋላ ፍሬን ሥራ ፈትቶ ይዝጋል፤ አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ መያዝ ያጸዳዋል። አውቶማቲክ መኪና ቆሞ ፍሬኑን በቀስታ ሲለቁት የሚያቃስተውም ከዚያው ከይዞ መልቀቅ የሚመጣ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ የሚቆም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያስቀይርም።

ስለ ኩሽኔታ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም የኋላ ድምፅ ሁሉ ጥፋት የሚለጠፈው በእሱ ላይ ነው። ኩሽኔታ ሲበላ ድምፁ ከ40 ወይም ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይበልጥ ይገለጣል፣ ከፍጥነት ጋር ይወፍራል፣ ኩርባ ላይም ይለዋወጣል። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማዎች ስለሚዞር የታመመው የግራው ከሆነ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ ይቀንሳል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ላይና ታቹ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታይ ልቅነት፣ ወይም አንድ እጅ መኪናዋን የሚሸከመው ትልቅ ሞላ ላይ አርፎ በሌላው ጎማው ሲዞር በሞላው በኩል የሚሰማ ሻካራነት ማረጋገጫው ነው። ይህ ሁሉ ሳይታይ ኩሽኔታ መቀየር ሳይመረመሩ መድኃኒት መዋጥ ነው። ሌላው አስመሳይ ራሱ የጎማው ጥርስ ነው። አሞርዛተሩ (የመኪናዋን መዋዠቅ የሚያበርደው ዕቃ) የደከመ ወይም አላይመንቷ የተዛባ መኪና ጎማዋን እየሰረሰረች ትበላለች፤ መዳፍዎን በጥርሱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያስኬዱ በአንዱ አቅጣጫ እንደ መጋዝ ይይዝዎታል። እንዲህ ያለ ጎማ ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ልዩነቱ የአስፋልቱ ዓይነት ሲለወጥ ድምፁም መለወጡ፣ ጎማው ወደ ፊት ሲዛወር ድምፁ አብሮት መሄዱ ነው።

አሁን ወደ ማቃሰቱ። ጉብታ ላይ ብቻ የሚሰማ ወፍራም ድምፅ የተንጠልጣዩ፣ ማለት መኪናዋን በጎማዎቿ ላይ የሚሸከመው ክፍል፣ ነው፤ በፊት ጎማ በሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ደግሞ የኋላ ጎማዎችን የሚያያይዘው መስቀለኛ ብረት ከአካሉ ጋር የሚታሰርባቸው ሁለት ትላልቅ ጎሚኒዎች (በብረት ቱቦ ላይ የተሠሩ የላስቲክ ማያያዣዎች) ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ጎሚኒ የሚሠራው በመንሸራተት ሳይሆን በመጠማዘዝ ነው፤ ላስቲኩ ከውስጠኛው ቱቦ ሲላቀቅ ወይም ሲሰነጠቅ ግን መፋተግ ይጀምራል፤ የሚያቃስተውም ያን ጊዜ ነው።

ለሙከራው ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ የፊት ጎማዎች በታኮ ተይዘው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁት። ይህን ብዙዎች ይረሱታል፦ የእጅ ፍሬን እንደተሳበ መኪናን ወደ ታች ሲጫኑ ጎማው በትንሹ መዞር ስለማይችል ራሱ ፍሬኑ ያቃስታል፤ ፈታሹም በሌለ ጎሚኒ ላይ ይፈርዳል። አንዱ የኋላውን ጥግ በክብደቱ ይጫንና ይልቀቅ፤ ሌላው ጎን ለጎን ተንበርክኮ ያዳምጥ፣ እጁንም በየመገናኛው ላይ ያሳርፍ፤ የሚያቃስተው መገናኛ ከእጅ ሥር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ተራ ውኃ በመርጫ አንድ ጎሚኒ ላይ ብቻ ይርጩና እንደገና ይጫኑ። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ከጠፋ አገኙት፤ ካልጠፋ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ካረጠቡ ግን ምንም አይማሩም። ውኃ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ላስቲክን ያሳብጣሉ፣ ያበሰብሳሉ። የሲሊኮን ቅባት ላስቲክን አይጎዳም፤ ግን የተሰነጠቀን ጎሚኒ አይፈውስም፤ ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ዝም ያሰኛል።

ጎሚኒ የሚቀየር ከሆነ መካኒኩን አንድ ነገር አደራ ይበሉት፦ ብሎኑ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ላይ ቆማ፣ በተለመደ ከፍታዋ ላይ ሳለች ነው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ መሬት ሲነካ ገና ከጅምሩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ አዲሱም ጎሚኒ ዕድሜ ሳይጠግብ ይቀደዳል። «አዲስ ገጥሜ በጥቂት ወር ተበላሸ» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ብቻ አይደለም።

ታዲያ አሞርዛተሩስ? ሊሆን ይችላል፤ ግን ማስረጃ ይምጣ። አካሉ ላይ ወደ ታች የወረደ እርጥብ ዘይት አለ? መኪናዋ ጥግዋን ተጭነው ሲለቋት አንድ ጊዜ ተነሥታ ከመርጋት ይልቅ ትዋዥቃለች? የላይኛው ማሰሪያው ላስቲክ ተቦድሷል? የሦስቱም መልስ «የለም» ከሆነ አሞርዛተር ማስቀየር ኩሽኔታውን ማስቀየሩን መድገም ነው። ከአሞርዛተሩ በፊት ሞላውን እንዲመለከት ይንገሩት፤ የሞላ ጫፍ ተሰብሮ ማረፊያው ላይ ሲዞር ያቃስታል፣ ይንቋቋል፤ ስብራቱም ብዙ ጊዜ ከታችኛው መጨረሻ ላይ በቆሻሻ ተሸፍኖ ስለሚገኝ በግልምጫ አይታይም። የማርሚታው መስቀያ ላስቲክም በዚያው ሰፈር ነው፤ ማርሚታውን በእጅ መነቅነቅ የሰከንዶች ሥራ ስለሆነ አይለፈው።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ «ኋላዋ ይጮኻል» ብለው ቁልፉን ብቻ ሰጥተው አይሂዱ። «በየዙሩ አንድ ጊዜ ሲጥ ይላል፣ የእጅ ፍሬን በትንሹ ሲሳብ ይጠፋል፤ ጉብታ ላይ የሚያቃስተው የትኛው ጎሚኒ ሲረጥብ እንደሚጠፋ ይኸው» ብለው ያገኙትን ይንገሩት። አብሮዎት ነድቶ ድምፁን በጆሮው ሳይሰማ ዕቃ የሚያዝዝ ከሆነ ሌላ መካኒክ መፈለግ ነውር የለውም። የተቀየረውን አሮጌ ኩሽኔታም እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ በእጅ ሲዞር ለስላሳ ከሆነ መልሱን ራሱ ይነግርዎታል።

ስለ ረጅሙ ጉዞ፦ ሲጥታው ቀጭን ሆኖ ከቀጠለ፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከሞቁ፣ የፍሬን ዘይቱ ካልወረደና ጎማው ካልላላ፣ በከተማ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መንዳት ይቻላል። ረጅሙን መንገድ ግን ታምቡሩ ሳይከፈት አይጀምሩት፤ በከፊል የተያዘ ፍሬን አጭር መንገድ ላይ የሚሞቀውን ያህል ሙቀት በየመብራቱ ያበርዳል፤ ረጅም መንገድና ቁልቁለት ላይ ግን አይበርድም። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ፣ የሚያቃጥል ሽታ ወይም ጭስ ከቸርኬው፣ ፔዳሉ ወደ ታች መስመጥ፣ የጎማ መወዛወዝ፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ግን እዚያው ያቁሟትና ያስጎትቷት። የጎሚኒው ማቃሰት ብቻውን አያስቆምም፤ ነገር ግን መኪናዋ ኩርባ ላይ ኋላዋ የሚንሸራተት የሚመስል ከሆነ ወይም ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ ከሆነ ጎሚኒውም ከጉዞው በፊት ይቀየር። ጎማው እንደገና ተፈትቶ ስለሚታሰርም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ብሎኖቹን በድጋሚ ያስጠብቁ።